ሯጮች ሆይ፣ ቅዳሜያችሁን ለሰፈር አካፍሉ

ውድ ልጆቼ፣

የሩጫ ቡድን ያላችሁ ወጣቶች «በጎ ሥራም መሥራት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» ትሉኛላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሩጫው አሠልጣኞቻችሁ ይንገሯችሁ፤ እኔ ስለ ሥራው ልንገራችሁ።

የቡድናችሁ ትልቁ ሀብት ጉልበቱ አይመስለኝም። በየሳምንቱ መገናኘታችሁ ነው። እኛ አገር በጎ ፈቃድን የምናውቀው በዘመቻ ነው። ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተከላል፣ የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ክፉ ነው አልልም። ግን በጥርና በየካቲት ያንን ችግኝ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? እናንተ በጥርም ትሮጣላችሁ። መንገዳችሁን በዚያ በኩል አድርጉት።

ሎንደን የተጀመረ ጉድጂም የሚባል ድርጅት አለ። አባላቱ በቡድን ሮጠው ይሄዱና የሰፈር አትክልት ቦታ ይቆፍራሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ፣ ከዚያ እየሮጡ ይመለሳሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እየሮጡ ሄደው የሚጠይቁም አሉ። ይኼ ነው የገባኝ ነገር፦ የሚጠብቅህ ሰው ካለ ብርድ ነው ብለህ አትቀርም።

አሁን ወደ ሙያዬ። የጭቃ ቤት ልስን ለሳምንታዊ ቡድን የተመቸ ሥራ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መሰንበት አለበት። ሳይብላላ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ አንዱን ቅዳሜ አቡኩት፣ በሚቀጥለው ለጥፉት። በመሀሉ እንዳይደርቅ ውሃ የሚጨምርበት ጎረቤት ፈልጉ። ደግሞ ከሰኔ በፊት ጨርሱ፤ በክረምት ጭቃ አይደርቅላችሁም። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይጠገን፣ እሱንም አናጺ ቀጥራችሁ አሠሩት። የማገሩን ጥንካሬ ሳታውቁ ጣሪያ ላይ እንዳትወጡ። ምሰሶው ከሥሩ የበሰበሰ ቤት ከገጠማችሁ ባለሙያ ሳያየው አትንኩት።

ለጀማሪ ግን ቦይ መጥረግ ይሻላል። ግንቦት ላይ ጥረጉት። ያወጣችሁትን ደለል እዚያው ዳር ላይ እንዳትተዉት፤ የመጀመሪያው ዶፍ መልሶ ይከተዋል።

አካፋና ዶማ ተሸክሞ አይሮጥም። የሰፈሩን እድር ጠይቁ። መሣሪያ ባይኖራቸው እንኳ የማን ቤት እንደሚያፈስ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ወረዳውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ሩጫው 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ደክሞት የደረሰ ሰው አካፋ ይዞ ጥሩ አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋቷ ይበርዳል። ላብ በላብ ሆናችሁ እንዳትቆሙ አንዳችሁ ደረቅ ልብስ በመኪና ያምጣ።

ቲሸርት ማሠራቱ ይቆያችሁ። ፎቶም ቢሆን የቤቱን ባለቤት ሳትጠይቁ አትለጥፉ። የተበላሸ ቤቱን አገር እንዲያይበት የሚፈልግ ሰው ብዙ አይደለም። እማማ ቡና ካፈሉ ግን ሰዓት ሳታዩ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሩጫ ጫማ ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ምስማር በቀላሉ ይበሳዋል። አሮጌ ቆርቆሮና እንጨት ወደሚነሳበት ግቢ ስትሄዱ ወፍራም ጫማና ጓንት ከደረቁ ልብስ ጋር ይጫን። የቲታነስ ክትባታችሁንም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አረጋግጡ።