መክሊቱ ምን ነበር? ለሰባክያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ከወሎ የደረሱንን ጥያቄዎች አሰባስበናል። ጠያቂዎቹ ለመጽሐፉ ታማኝ የሆነና ለሰሚው የሚደርስ ስብከት እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ የሚፈልጉ ናቸው። ረጅሙን መልስ ለመጀመሪያው ጠያቂ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በገብር ኄር እሑድ (በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ) ከቅዳሴ በኋላ 25 ደቂቃ እንድሰብክ ተመድቤያለሁ። ባለፈው ጊዜ 14 ጥቅስ ጠቅሼ ነበር። ሕዝቡ በእልልታ ሸኘኝ፤ አንድ አባት ግን «ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ምን አልከን?» አሉኝ። ከየት ልጀምር? (ዲያቆን፣ ከኩታበር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እኒያ አባት ትልቅ ውለታ ውለውልሃል። ጥያቄያቸውን ወደ ዐውደ ምሕረት (ሕዝቡ ስብከት ወደሚሰማበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ) ከመውጣትህ በፊት አንተው ራስህን ጠይቅበት። ጥቅስ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ሰባኪው የሚናገረውን አስቀድሞ ወስኖ መጽሐፉን እማኝ ፍለጋ ሲገልጥ ነው። አንዱ ጥቅስ ስለ ዕርቅ፣ ሌላው ስለ ጾም፣ ሦስተኛው ስለ አሥራት ይሆንና ሰሚው የትኛውን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ይጠፋዋል።

ሰኞ ዕለት ግጻዌውን (የየዕለቱን ምንባብ የሚያመለክተውን መጽሐፍ) ግለጥ። የጳውሎስን መልእክት፣ የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራን፣ ምስባኩን (ከወንጌሉ በፊት የሚዜመውን የመዝሙር ጥቅስ) እና ወንጌሉን በተርታ ታገኛለህ። ሁሉንም አንብብ፤ ለመስበክ ግን ወንጌሉን ያዝ። የዕለቱ ወንጌል ማቴዎስ 25፥14-30 ነው፤ ጌታው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ለሦስት ባሪያዎቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ሰጠ፤ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፣ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ንባብህን ግን ከ14 አትጀምር፤ ከ24፥1 ተነሥተህ እስከ 25፥46 ድምፅህን አውጥተህ አንብበው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ አንድ አንድ ጊዜ ይበቃል። ደቀ መዛሙርቱ በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ይህ መቼ ይሆናል ብለው እንደ ጠየቁ፣ የመክሊቱ ምሳሌም ለዚያ ከተሰጡት መልሶች አንዱ እንደ ሆነ ታያለህ። ጌታው የመጣው «ከብዙ ዘመን በኋላ» ነው (25፥19)። ምእመናን ባለፈው እሑድ የደብረ ዘይትን በዓል አክብረው ምዕራፍ 24ን ሰምተዋል፤ አንተ የምትቀጥለው ከዚያ ነው።

ሐሙስ ወረቀት ለሁለት ክፈልና በግራው ያየኸውን፣ በቀኙ የጠየቅኸውን ጻፍ። ማን ተናገረ? ለማን? ምን ተደገመ? ያልጠበቅኸው ምን አለ? በዚህ ክፍል ትልቁ ወጥመድ «መክሊት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በዛሬ አማርኛችን መክሊት ማለት ተሰጥኦ ሆኗል። ሰባኪው ይህን ትርጉም ይዞ ከገባ ስብከቱ «ችሎታችሁን አውጡ» የሚል ምክር ሆኖ ይቀራል። በወንጌሉ ግን መክሊት የብር ሚዛን ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ዋጋ ነው (ማቴዎስ 20፥2)። በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ሰው የ20 ዓመት ድካም ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን በ6,000 አባዛና ለሕዝቡ ንገር። ያን ጊዜ አንድ ብቻ የተሰጠው ባሪያ ምስኪን እንዳልነበረ ይገባቸዋል። ቁጥር 15ንም ልብ በል፤ ገንዘቡ የተሰጠው «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ነው። ዓቅሙ አስቀድሞ ነበረ፤ መክሊቱ በላዩ የመጣ አደራ ነው። እንግዲያስ መክሊቱን ችሎታ ብሎ መተርጎም ከምንባቡ ጋር ይጋጫል።

ከዚያ ቁጥር 21ንና 23ን አስተያይ። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ነው፤ ጌታው ትርፋቸውን አላወዳደረም። ሦስተኛው ባሪያ አፉን ሲከፍት ግን የሚናገረው ስለ ጌታው ነው፦ «ጨካኝ ሰው መሆንህን አውቃለሁ»፤ ቀጥሎም ፈርቶ እንደ ቀበረው ይናገራል። የቀበረው ጌታውን እንዲህ አድርጎ ስላሰበው ነው። የ20 ዓመት ድካም የሚያህል ገንዘብ አምኖ የሰጠ ጌታ ጨካኝ ይባላል? የስብከትህ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቆይበት።

ዓርብ ማለዳ ያገኘኸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ለምሳሌ፦ «ጌታ ሀብቱን አምኖ ሰጥቶናል፤ ጨካኝ ነው ብሎ የሚያስበው ሰው ግን አደራውን ይቀብራል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ፈትነው። ከሌላ ከየትኛውም ምዕራፍ ልታወጣው የምትችል ከሆነ («እግዚአብሔርን እናገልግል» እንደሚለው) ገና ነህ፤ ወደ ምንባቡ ተመለስ። ቀጥሎ ከአጥቢያህ ሁለት ሰዎችን በዓይንህ አምጣ። አንዷ አገልግይ ስትባል «እኔ ምን አውቃለሁ» የምትል እናት ትሁን፤ ሌላው ጣሪያው እያፈሰሰ «እንዳይጎድልብኝ» ብሎ ገንዘቡን በሳጥን የሚቆልፍ ገንዘብ ያዥ። ዓረፍተ ነገሩ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ይላቸዋል? ስማቸውን አትጥራ፤ ሰው በሚለያቸው መንገድም አትናገር።

ማገናኛ ከሩቅ አገር አታምጣ። በክፉ ቀን ንብረትን ቆፍሮ መቅበር ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ባሪያው አንዲት ሳንቲም እንዳላጎደለ፣ ጥንቃቄውም ጎረቤት የሚያመሰግነው ዓይነት እንደ ነበር ተናገር። ሰሚው «እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር» ካለ በኋላ ነው የጌታው መልስ ልቡን የሚነካው።

ሰዓቱን 3 ደቂቃ ለመግቢያ፣ 14 ደቂቃ ምንባቡን ተከትሎ ለመሄድ፣ 6 ደቂቃ ወደ ሰሚው ኑሮ ለማምጣት፣ 2 ደቂቃ ለመዝጊያ አድርገህ ክፈለው። ሰላምታውም ከመግቢያው ላይ ይቆጠራል። ከሌላ ቦታ የምታመጣው ጥቅስ ከሦስት አይለፍ። በቴሌግራም የሚዘዋወር ታሪክ ምንጩን ካላወቅህ ተወው፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ሰሚው ወንጌሉንም አብሮ ይጠራጠራል። ቅዳሜ ቆመህ፣ በስልክህ እየቀዳህ ሙሉውን ተናገረው። 35 ደቂቃ ቢሆን አትደንግጥ፤ መጀመሪያ መግቢያውን ቁረጥ፣ ምንባቡን ግን አትንካ። ይዘህ የምትወጣው በእጅ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነው፦ አንዱ ዓረፍተ ነገር፣ አራት አምስት ማስታወሻ፣ የመጨረሻው ንግግርህ ደግሞ በሙሉ። መጨረሻውን ያልጻፈ ሰባኪ «በመጨረሻም» ካለ በኋላ ሌላ ስብከት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ በአንድምታው (በአባቶች የመጽሐፍ ትርጓሜ) ለአንድ ቃል ሦስት አራት ትርጓሜ አገኛለሁ። ሁሉንም ልናገር? (የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ለማጥናት ሁሉንም አንብቢ፤ ለመስበክ ከሁለት አትበልጪ። በጉባኤ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥ «አንድም፣ አንድም» ይከተላል፤ በዐውደ ምሕረት የቆመች እናት ግን በሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን ትረሳለች። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ ንባቡ በቀጥታ የሚለው፣ ከዚያ ምሥጢሩ። የደጉን ሳምራዊ ውሰጂ (ሉቃስ 10)። አባቶች ሳምራዊውን በክርስቶስ፣ በወንበዴዎች የተደበደበውን በአዳም ይተረጉማሉ፤ ድንቅ ትርጓሜ ነው። ምሳሌው የተነገረው ግን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ላለ ሰው ነው፤ የሚያልቀውም «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» በሚል ትእዛዝ ነው። ምሥጢሩን ተናግራ ትእዛዙን የምታስቀር ሰባኪ ሰሚውን ያለ ሥራ ወደ ቤቱ ትመልሰዋለች። «አንድም» ከአባቶች የተቀበልነው ነው፤ ከራስሽ የመጣልሽን ሐሳብ በ«አንድም» አትጀምሪው።

ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በኤርምያስ 29፥11 ልሰብክ አስቤያለሁ። ያው ጥቅስ ከቤታቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ላሉትም ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከተፈታኞቹ ይልቅ ለተፈናቃዮቹ ይቀርባል። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ቃል የተጻፈው ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለገቡ ሰዎች ነው። የፈተና ውጤት ቃል ኪዳን አድርገህ ለአንድ ተማሪ ከሰጠኸውና ውጤቱ ካልመጣለት፣ ያልገባውን ቃል እግዚአብሔር እንዳፈረሰ ሆኖ ይሰማዋል። ለተማሪዎቹ ፊልጵስዩስ 4፥11-13ን ስበክ፤ ጳውሎስ «ሁሉን እችላለሁ» ያለው ጥጋብንም ራብንም መቀበል እንደ ተማረ ከተናገረ በኋላ ነው። ለሚያልፈውም ለማያልፈውም ይሆናል።

ለተፈናቃዮቹ ስትሰብክ ከምዕራፍ 28 ጀምር። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህን ነው። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት አለ (29፥10)። በመካከሉም ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ «አትክልት ትከሉ» ማለት «አገራችሁን እርሱት» ማለት አይደለም፤ በዚያው ደብዳቤ እመልሳችኋለሁ የሚል ቃል አለ። መቼ እንደሚመለሱ ግን አንተ ቀን አትቁረጥላቸው።

ጥያቄ፦ በልጉ ሲከሽፍ ሕዝቡ «በኃጢአታችን ነው ወይ?» ይለኛል። ነው ብል እፈራለሁ፣ አይደለም ብልም እፈራለሁ። (ቄስ፣ ከደላንታ)

መልስ፦ አባታችን፣ ሉቃስ 13፥1-9ን ይያዙ። ሰዎቹ ጲላጦስ ስለገደላቸው የገሊላ ሰዎች ይነግሩታል፤ ጌታም ራሱ በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች ይጨምራል። ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቅና ሁለት ጊዜ «አይደለም» ይላል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ንስሐ ባትገቡ እናንተም ትጠፋላችሁ ይላል። ስብከቱ የሚበላሸው ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ነው። «አይደለም» ከቀረ እርሻው የደረቀበት ሰው በጎረቤቱ ዐይን ወንጀለኛ ይሆናል። ንስሐው ከቀረ ደግሞ ሰሚው የሌላውን መከራ እያየ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ ያለችውን በለስ አይዝለሏት፤ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣችው ዛፍ ዙሪያዋ ተቆፍሮ ፋንድያ እንዲደረግላት አንድ ዓመት ተለመነላት። ለገበሬ ይህን ማብራራት አያስፈልግዎትም።

ለምሕላው ኢዩኤል 1 ይጠቅምዎታል። ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ ተራ በተራ የበሉትን ይቆጥራል፤ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ የሚጮኹትን ከብቶች በስማቸው ይጠራል። የ2013ቱን አንበጣ ያየ ሕዝብ ቃሉን በዐይኑ ያውቀዋል። ነቢዩ በዚህ ምዕራፍ «ይህን ያመጣው የእገሌ ኃጢአት ነው» አላለም፤ እርስዎም አይበሉ። ካህናቱን ግን ማቅ ልበሱና አልቅሱ ብሎ አዟል፤ ስለዚህ ከሰባኪው ይጀመር። ንስሐው በእጅ የሚጨበጥ እንዲሆን ሉቃስ 3፥11ን ያክሉበት፦ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ። ዘር የተረፈው ለጎረቤቱ አንድ ቁና እንዲሰጥ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ይጠይቁ፤ የሚሰበስበውን ሰውና ቀኑን እዚያው ያስታውቁ።

ጥያቄ፦ ሞንታርቦው (ድምፅ ማጉያው) ድምፄን ይረብሸዋል፤ ምን ላድርግ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ማይኩን ከአፍህ አንድ ስንዝር አርቀው፤ ድምፅ ማጉያው ፊት አትቁም፣ የሚያፏጨው በዚያ ምክንያት ነው። ድምፅህን ከመጮህ ይልቅ ፍጥነትህን ቀንስ። ከጥያቄ በኋላ ሦስት ቆጥረህ ዝም በል።

ጥያቄ፦ በቅሬያችን (በቀብር መረዳጃ ማኅበራችን) ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። በቀብር ላይ ስሰብክ ግማሹ ሰሚ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ምን ልበል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሬሳውን የተሸከመውም፣ ድንኳኑን የተከለውም እርሱ ስለሆነ መጀመሪያ አመስግነው። ስብከቱ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ ለቅሶ ላይ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ አይሰማም። የግእዙን ቃል ወዲያው በአማርኛ ተርጉመው። እምነትህን አትደብቅ፤ የትንሣኤን ተስፋ በግልጽ ተናገር፤ ክርክር ግን አታንሣ፤ ሊመልስልህ በማይችልበት ቦታ ነውና የቆመው። የሟቹን ዕድል በራስህ አትፍረድ።

ዮሐንስ 11 ይበቃሃል። ማርታም ማርያምም ለጌታ አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ፦ አንተ በዚህ ኖረህ ቢሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር (ቁጥር 21 እና 32)። ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ በቃል መለሰላት፤ በማርያም ፊት ግን እንባውን አፈሰሰ። ይህን አንብብላቸው፣ ሁለቱን መልሶች አሳያቸው፣ ከዚያም ወደ ጸሎቱ እለፍ። ቤተሰቡን በቃል ለማጽናናት ሠልስቱ ላይ ቤታቸው ሂድ፤ ያን ጊዜ ማርታን ያገኘ ሰው ትሆናለህ፣ ጥያቄዋንም ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።