የቪትዝ ጎማ ስንት ንፋስ ይሞላ? ጎማው ጎን ላይ 51 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል፣ ጎሚስታው ደግሞ 40 ይሞላል።

ጎማው ጎን ላይ ያየኸው 51 ፒኤስአይ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው እንጂ የመኪናህ ልክ አይደለም። ልኩ የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ 220 ኪሎፓስካል ካለ 2.2 ባር ወይም 32 ፒኤስአይ ማለት ነው። የፊትና የኋላው ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም እይ።

የምትለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፦ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ጠዋት ሳትነዳ። ጎሚስታው 40 የሚሞላው «ቶሎ እንዳይቀንስ» ብሎ ነው፤ ግን መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፣ ፍሬንም በደንብ አይይዝም። ሲያንስ ደግሞ ሁለቱ ጠርዝ ይበላል፣ ጎማው ይግላል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ የሚፈነዳውም በዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስትወርድ ጎማው ግሎ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ቢጨምር እባክህ አታስተንፍስ! ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆንብሃል። እዚያ ካደርክ ጠዋት እንደገና ለካ፤ ቆላ የውጪው አየር ግፊት ስለሚበልጥ መለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል። ስኮርታውንም አትርሳ።