ተከራይ የሚያስለቅቅ ሰው መቅጠር ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች አከራይታ በሚገኘው ገንዘብ ትተዳደራለች። ከተከራዮቹ አንዱ አራት ወር ሙሉ ኪራይ አልከፈለም፤ ማታ ማታም ጓደኞቹን እየሰበሰበ ግቢውን ያውካል። ልቀቅ ሲባል «ሕግ ባለበት አገር ማን ያስወጣኛል?» ይላል። መጀመሪያ ያገናኘን ደላላ አሁን ደግሞ «እንዲህ ያለውን የሚያስለቅቁ ልጆች አሉኝ፤ ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ፣ ቤቱን በአንድ ሌሊት ባዶ ታገኙታላችሁ» ብሎናል። እናቴ ልትስማማ ምንም አልቀራትም። ይህ ያስጠይቀን ይሆን? በገንዘብ የሚገኝ ሕጋዊ አገልግሎትስ አለ?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለደላላው ምንም ገንዘብ አትክፈሉ። ኪራይ ያልከፈለ ሰው ባለዕዳ ነው እንጂ ቤት ሰብሮ የገባ ሰው አይደለም፤ በውል የያዘው ክፍል እስኪለቅ ድረስ መኖሪያው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የመኖሪያ ቤትን መድፈር የሚቀጣው የሚኖርበትን ሰው ለመጠበቅ ስለሆነ፣ የቤቱ ካርታ በእናትዎ ስም መሆኑ በር ሰብረው ለገቡት ልጆች መከላከያ አይሆናቸውም። ገንዘብ ከፍሎ የላካቸው ሰውም በአነሳሽነት ይጠየቃል።

እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቅበት መንገድ የታወቀ ነው። ሌሊት ፍራሽና ብረት ድስት ግቢ ላይ ይወረወራል፤ ሲነጋ ተከራዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከፍራሹ ሥር የነበረ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ጠፋብኝ ብሎ ያመለክታል። በክፍሉ ውስጥ ምን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ የሚያሳይ ዝርዝር በእናንተ እጅ የለም። በዚህም የተነሳ የአራት ወር ኪራይ ጠያቂ የነበሩት እናትዎ ካሳ ተጠያቂ ሆነው ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ የደላላው ስልክ አይነሳም። ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ ወይም ዕቃውን መያዣ ብሎ ማስቀረትም ከዚህ ብዙም የማይሻል መንገድ ነው።

በገንዘብ የሚገኘው ሕጋዊ አገልግሎት የጠበቃ ነው። ፈቃዱን አይታችሁ፣ ክፍያው ለክስ ብቻ ይሁን ለአፈጻጸምም ጭምር በጽሑፍ አስፍራችሁ ተዋዋሉ፤ ምክንያቱም ፍርድ ማግኘትና ፍርድ ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። «በውክልና እኔ እከራከርላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ከመጣም ገንዘባችሁን አትስጡት፤ የጥብቅና ፈቃድ ለሌለው ባዕድ ሰው ውክልና መስጠት በችሎት የመቆም መብት አያስገኝለትም። እርስዎ ልጃቸው ስለሆኑ ግን እናትዎ በሚሰጡዎት ውክልና ሊቀርቡላቸው ይችላሉ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ ውሉ የተጻፈው በአማርኛ ከሆነ የትርጉሙን ወጪ ከመጀመሪያው አስቡበት።

ጠበቃው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ወረቀት መርምሩ፤ ብዙ አከራይ የሚንገዳገደው እዚህ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። አዋጁ በከተማችሁ ተፈጻሚ መሆኑንና በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚፈጸም ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። ኪራይ አለመክፈልም ሆነ የጎረቤትን ሰላም ደጋግሞ ማወክ በአዋጁ ውል የሚያቋርጡ ምክንያቶች ናቸው፤ ነገር ግን ኪራዩ እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲከፈል ከነበረ «ከፍያለሁ» የሚለውን መከራከሪያ የሚሰብር የባንክ ማስረጃ አይኖራችሁም። ሁከቱን የሚመሰክሩ ጎረቤቶችን ካሁኑ አነጋግሩ፤ የኪራዩንም መዘግየት ቀንና መጠን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አሳውቁት፤ ቅጂው ላይም ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ በምስክሮች ፊት ይስጡት። (አንዳንድ አከራይ ፍርድ ቤት የሚፈራው የኪራይ ገቢ ግብሩን ስላልከፈለ ነው። እናንተም እንደዚያ ከሆናችሁ ግብሩን አስቀድሞ ማስተካከል ደላላውን ከመቅጠር ይረክሳል።)

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ የማስቀድመው እርቅን ነው፤ ነገር ግን በቃል ሳይሆን በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚሰፍር እርቅ። ክሱ ከተከፈተ በኋላ ተከራዩ በተቆረጠ ቀን ለመልቀቅ ከተስማማ፣ እናትዎም ከአራቱ ወር የተወሰነውን ወይም ሁሉንም ቢተዉለት፣ ስምምነቱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ለችሎቱ ቀርቦ ሲመዘገብ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቀኑ አልፎ ካልለቀቀ እንደ አዲስ ክርክር መጀመር አይኖርባችሁም፤ በቀጥታ አፈጻጸም ትጠይቃላችሁ። የአራት ወር ኪራይ መተው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ሆኖም ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር በየወሩ የሚቀረው ኪራይ ይጨምርበታል፤ እንዲህ ካለው ሰውም ፍርድ ተገኝቶ ገንዘቡን ማስከፈል ሌላ ድካም ነው። ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ካሉም ወደዚህ ስምምነት እንዲያመጡት ላኩበት።

ስምምነት ካልተገኘና ፍርድ ከተሰጠ፣ ቤቱን የሚያስረክባችሁ የፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ሠራተኛ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆንም ፖሊስ አብሮት ይመጣል። በዕለቱ ከክፍሉ የሚወጣው ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሮ እንዲጻፍና ምስክሮች እንዲፈርሙበት ጠይቁ፤ የመብራቱና የውሃው ቆጣሪ ንባብም እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።