የእሳት ማስጠንቀቂያ ባትሪ ስንት አምፒር ሰዓት ይሁን? ከሰሜን ሸዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ በደብረ ብርሃን የአንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የማስጠንቀቂያ ፓኔላችን ሁለት ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች ነበሩት፤ አሁን ሞተዋል። ያንኑ ዓይነት ገዝቼ ልተካ?

መልስ፦ ስሌቱን ሳይሠሩ አይግዙ። አምፒር ሰዓት ማለት ባትሪው ስንት አምፒር ለስንት ሰዓት መስጠት እንደሚችል የሚገልጽ መጠን ነው። ፓኔሉ ከተተከለ ወዲህ የጢስ ጠቋሚዎችና ሳይረኖች ተጨምረው ሊሆን ይችላል፤ የፊተኛው ባለሙያም በሒሳብ ይሁን በግምት እንደመረጠ አይታወቅም። የሚያስፈልግዎ ሁለት ቁጥር ነው፦ ፓኔሉ ጸጥ ብሎ ሲጠብቅ የሚስበው ከረንትና ሳይረኖቹ በሙሉ ሲጮኹ የሚስበው። የሞሉ ደህና ባትሪዎች ለጊዜው አያይዘው፣ ዋናውን መብራት አጥፍተው መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በባትሪው መስመር ላይ በተከታታይ በማስገባት ሁለቱንም መለካት ይችላሉ። የመጀመሪያው 0.25፣ ሁለተኛው 1.5 አምፒር ሆነ እንበል። የብሪታኒያው መስፈርት ቢ ኤስ 5839 ለብዙ ሕንጻዎች መብራት ከጠፋ በኋላ 24 ሰዓት መጠበቅን፣ ከዚያም 30 ደቂቃ መጮህን ይጠይቃል። ስለዚህ 24 በ0.25 ሲባዛ 6፣ ግማሽ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 0.75፣ ድምሩ 6.75 ይሆናል፤ ለባትሪው እርጅና በ1.25 ሲባዛ ደግሞ 8.4 ገደማ ይደርሳል። ባለ 7 አይበቃም፤ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ ባለ 12 ይግዙ። የአሜሪካው ኤን ኤፍ ፒ ኤ 72 ከ24 ሰዓት ጥበቃ በኋላ ለተራ ሳይረን 5 ደቂቃ ብቻ ጩኸትና 20 በመቶ ጭማሪ ስለሚጠይቅ ውጤቱ 7.35 ነው፤ በእርሱም ቢሆን ባለ 7 ይወድቃል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለጩኸቱ ነው፤ ከ6.75ቱ ውስጥ ግን 6ቱን የበላው ያ ጸጥታ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለ 12 ሲሆኑ 24 አምፒር ሰዓት አይሆኑም?

መልስ፦ አይሆኑም። እያንዳንዱ ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ በተከታታይ ሲያያዙ የሚደመረው ቮልቱ ነው፤ 24 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ያለው መጋዘናችን ባትሪውን በሁለት ዓመት ይጨርሳል፤ ደብረ ብርሃን ያለው ቢሯችን ግን በዚያው ዓይነት ባትሪ አራት ዓመት ቆየ። ሻጩ አታሎን ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን ለመውቀስ አይቸኩሉ። በእነዚህ ፓኔሎች ውስጥ የሚገባው የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ፓኔል ደግሞ ከቆላው አየርም ይብሳል። ፓኔሉን ወደ ጥላ ያውርዱት። ደጋው ዕድሜውን ቢያተርፍም ከአቅሙ ይቀንሳል፤ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ባትሪው ወደ 0 ዲግሪ ቢጠጋ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ለእርጅና የተያዘው 1.25 ለብርድም ይበቃል ብለው አይቁጠሩ፤ የብርዱን ለብቻው ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ተዘግቶ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 24 ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልቀበለውም። መብራቱ ቅዳሜ እንደተዘጋ ቢጠፋና ጥበቃው ባያስተውል 44 ሰዓት ይሆናል። በዚያው ምሳሌ 11.75 በ1.25 ተባዝቶ 14.7 ስለሚመጣ ባለ 18 ያስፈልጋል። ነገር ግን የፓኔሉ ቻርጀር እስከ ስንት አምፒር ሰዓት እንደሚችል አስቀድመው ከመመሪያው ያንብቡ፤ የአውሮፓው መስፈርት ኢ ኤን 54 ክፍል 4 ያለቀ ባትሪ በ24 ሰዓት ውስጥ 80 በመቶ እንዲሞላ ይጠይቃል፣ ትንሽ ቻርጀር ትልቅ ባትሪ ላይ ይህን አይችልም።

ጥያቄ፦ የመኪና ባትሪ ብናስገባስ?

መልስ፦ አይቻልም። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ ሲራገፍ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲሞላም የሚለቀው ሃይድሮጅን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል።