በኒዮቢየምና በኮባልት መጋጠሚያ ላይ 60 በመቶ ፖላራይዜሽን ስለተገኘበት ልኬት

ጠያቂያችን፣ በ4.2 ኬልቪን የኒዮቢየም ጫፍ (ኒዮቢየም በዚህ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ነው፣ ማለትም ያለ ሬዚስታንስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል) ኮባልት ፊልም ላይ አሳርፈው ሲለኩ ዜሮ ቮልቴጅ ላይ ያለው ኮንዳክታንስ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) የመደበኛው፣ ማለትም በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካው፣ 0.8 እጥፍ እንደሆነና ከዚህም የስፒን ፖላራይዜሽኑን (የአንዱ ስፒን ኤሌክትሮኖች ከሌላው ስፒን የሚበልጡበትን ድርሻ) 60 በመቶ ብለው እንዳሰሉ ጽፈዋል። የማልስማማው በሒሳቡ ሳይሆን መጋጠሚያው ንጹሕ ነው በሚለው መነሻ ነው።

ጫፉ ከሚነካው ብረት (ሜታል) የመጣ ኤሌክትሮን ጉልበቱ ከኒዮቢየም የኃይል ክፍተት፣ ማለትም ከ1.5 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ፣ ካነሰ ብቻውን መግባት አይችልም፤ ተቃራኒ ስፒን ካለው ሌላ ኤሌክትሮን ጋር የኩፐር ጥንድ (ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ጅረቱን የሚሸከም የኤሌክትሮኖች ጥንድ) ሆኖ ሲገባ፣ ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት ክፍት ቦታ) ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊዚሲስቱ አንድሬቭ በ1964 ያስረዳው ይህ ነጸብራቅ፣ ብረቱ መዳብ ሲሆንና መጋጠሚያው ንጹሕ ሲሆን፣ ኮንዳክታንሱን እጥፍ ያደርገዋል። ኮባልት ውስጥ ግን ሁለቱ ስፒኖች እኩል ስላልሆኑ ከፊሉ ኤሌክትሮን ጥንድ ያጣል። በ1998 የታተሙ ልኬቶች ለኮባልት 42 በመቶ አካባቢ ስለሰጡ፣ መጋጠሚያዎ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ወደ 1.16 (2 × (1 − 0.42)) የሚጠጋ ቁጥር ይጠበቅ ነበር።

በእኔ ግምት ቁጥሩን ከ1 በታች ያወረደው ኦክሳይድ ነው። ኒዮቢየም አየር ላይ ቶሎ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ይህም ጥንዱ እንዳይገባ በመከልከል ዜሮ ላይ ልክ ፖላራይዜሽን የሚፈጥረውን የመሰለ ጉድጓድ ያወጣል። ስለዚህ እኔ ጫፉን እንደ አዲስ ስዬ መጀመሪያ መዳብ ላይ እለካለሁ፤ እዚያም ጉድጓድ ከታየ ኮባልቱ ምንም አላጠፋም። ከዚያ ኮባልቱ ላይ ጫፉን ቀስ በቀስ እየጫንኩ ብዙ መጋጠሚያዎችን እለካለሁ፤ እያንዳንዱን ከርቭ ስፒንን በሚያካትተው የብሎንደር፣ ቲንካምና ክላፕዊክ ሞዴል አስልቼም ፖላራይዜሽኑ ግድግዳው (ኦክሳይዱ መጋጠሚያው ላይ የሚፈጥረው መከላከያ) ዜሮ ሲሆን ስንት እንደሚደርስ ከአዝማሚያው አነባለሁ። አንድ ያማረ ከርቭ ብቻ ይዞ የቀረበ ውጤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያሳምነኝም።

ሌላው ያሳሰበኝ ከርቭዎ ላይ ያሉት ጉብታዎች 3.1 ሚሊቮልት ላይ መታየታቸው ነው። ይህ ከክፍተቱ እጥፍ በላይ ስለሆነ የፊልሙ የራሱ ሬዚስታንስ ከመጋጠሚያው ጋር ተደምሮ የቮልቴጁን መስፈሪያ ለጥጦታል፤ በአራት ሽቦ መለካትም ይህን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም፣ ወፈር ያለ ፊልም ግን ይቀንሰዋል። በ4.2 ኬልቪን ሙቀቱ ከርቩ ላይ የሚፈጥረው ብዥታ ራሱ ክፍተቱን ስለሚያክል፣ ፓምፕ ካለዎት ሂሊየሙን ወደ 1.5 ኬልቪን አውርደው ቢለኩ ግድግዳውንና ስፒኑን መለየት ይቀልልዎታል።