ጋላክሲው ሲደምቅ ኮከቦቹ ለምን ያብጣሉ?

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ጥያቄዎች ይበዛሉ። በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ያተኩራሉ፦ ፎቶውን በኮምፒውተር ስናደምቅ ኮከቦቹን እንዴት እናድናቸው?

«ፎቶውን ሳደምቀው የጋላክሲው ክንዶች ጥሩ ይወጣሉ። ኮከቦቹ ግን ያብጡና ሁሉም ነጭ ይሆናሉ። ምን ይሻላል?»

የአንድሮሜዳ ብርሃን እኛ ጋ የደረሰው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ ነው፤ ፎቶው ላይም ደብዝዞ ይቀመጣል። ከፊቱ የተበተኑት ኮከቦች ግን የእኛው የፍኖተ ሐሊብ ናቸው፤ ቅርብ ናቸው፣ ደማቅ ናቸው። በ16 ቢት ፎቶ ላይ የብርሃን ጣሪያው 65,535 ነው። ክንዶቹን ለማውጣት ሁሉንም ወደ ላይ ሲገፉት ኮከቡ ቀድሞ ጣሪያውን ይነካል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ሲሞሉ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል። በዙሪያው የነበረው ደካማ ብርሃንም አብሮ ስለሚደምቅ ኮከቡ ይሰፋል።

ማስክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማስክ ማለት ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። እንደ ፎቶሾፕና ጊምፕ ባሉ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ላይ ነጩ ለውጡን ያሳልፋል፣ ጥቁሩ ይከለክላል፣ ግራጫው በልኩ ያሳልፋል። ብዙ መሣሪያዎች ኮከቡን ነጭ አድርገው ስለሚሰጡዎት ማስኩን ይገልብጡት፤ የምንከላከለው ኮከቡን ነውና ጥቁር መሆን ያለበት እሱ ነው። አንድ ነገር ግን አይርሱ። መጀመሪያ ሙሉውን ፎቶ ያለ ማስክ በመጠኑ ያድምቁት፣ ከዚያ ማስኩን ያስገቡ። ከመጀመሪያው ከከለከሏቸው ኮከቦቹ ደብዝዘው ቀርተው በጋላክሲው ላይ የተበሳ ጉድጓድ ይመስላሉ።

«በማስክ ሠራሁ፤ አሁን በየኮከቡ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ወጣብኝ።»

ማስክዎ ከኮከቡ ሰፍቷል፣ ጠርዙም ደረቅ ነው። በኮከቡና በማስኩ ጠርዝ መሃል ያለችው ጠባብ ሰማይ ሳትደምቅ ትቀራለች፤ ዙሪያዋ ግን ደምቋል። ቀለበት የሚመስለው እሱ ነው። ማስኩ ከጠበበ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ የኮከቡ ዳር ብቻ ይደምቅና ብሩህ ቀለበት ይሠራል።

ከጋላክሲው ጥቁር የአቧራ መስመር አጠገብ ያለ አንድ ኮከብ ይምረጡና 300 በመቶ አጉልተው ይዩት። ቀለበቱ ጥቁር ከሆነ ማስኩን አንድ ሁለት ፒክስል ያጥብቡት፣ ብሩህ ከሆነ ያስፉት፣ ጠርዙን ሁለት ሦስት ፒክስል ያደብዝዙት፣ እንደገና ይዩት። ቁጥሩ እንደ ካሜራውና እንደ ሌንሱ ይለያያል፤ እውነቱን የሚነግርዎት ያ አንድ ኮከብ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ፎቶ አሳትሜ ስክሪን ላይ ያላየሁትን ቀለበት ሁሉ ወረቀቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሳላጎላ የጨረስኩት ፎቶ የለም።

«የጋላክሲው መሃል ለብቻው ደብዝዞ ቀረ። ለምን?»

ፕሮግራሙ እምብርቱን ኮከብ መስሎት ነው። ኤም 32 የምትባለውን ትንሿን አጃቢ ጋላክሲም እንዲሁ ይወስዳታል፤ ክብና ደማቅ ናትና። ማስኩን ከመገልበጥዎ በፊት ሁለቱን በጥቁር ብሩሽ በእጅዎ ያጥፏቸው።

«ስታርኔት ኮከቦቹን ጨርሶ ያወጣቸዋል ይባላል። ማስኩ ይቅርብኝ?»

ይቻላል፤ ሲሪል በሚባለው ነፃ የሰማይ ፎቶ ፕሮግራም ውስጥም ሊያስሠሩት ይችላሉ። ኮከብ የሌለውን ጋላክሲ ለብቻው ያደምቁታል፣ ኮከቦቹን በሌላ ሌየር (የምስል ንብርብር) ቀስ አድርገው ያደምቋቸዋል፣ በመጨረሻ ስክሪን በሚባለው አማራጭ ያገናኟቸዋል። እኔም ብዙ ጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው። ግን የወጣውን የኮከብ ሌየር ይመርምሩ። ኤንጂሲ 206 የሚባለው በአንድሮሜዳ ክንድ ላይ ያለ የከዋክብት ደመና የጋላክሲው አካል ነው፤ ከፊሉ ተቆርጦ ሄዶ ካገኙት ይመልሱት።

«አንዴ ነጭ የሆነውን ኮከብ ማስክ ቀለሙን ይመልስልኛል?»

ጥሬው ፎቶ ላይ ቀለሙ ካለ፣ ወደ ጥሬው ተመልሰው እንደገና ይሥሩት። ካሜራው ላይ እያለ ጣሪያውን ነክቶ ከሆነ ግን የሚመለስ ነገር የለም። መፍትሔው ማታ ላይ ነው፦ ካሜራው ለ2 ደቂቃ ብርሃን እየሰበሰበ ከሚያነሳቸው ፎቶዎች ጎን የ10 ሰከንድ ጥቂት ፎቶዎች ያንሱና ኮከቦቹን ከእነሱ ይውሰዱ። ኅዳር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከፍ ብላ ትገኛለች።