ግቢያችን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እንዲያብብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። አመጣችሁ፤ ያውም በገፍ። አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባና አካባቢዋ ስለምትኖሩ መልሴም የደጋ መልስ ነው። በአጥሬ ሥር አበባ ስኮተኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ተክልም ገድያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በመስከረም ግቢዬ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ኅዳር ላይ ግን ባዶ መሬት ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲያብብ ምን ልትከል?

አደይ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በዝናቡ ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሄዳል። እሱን አትውቀሺው። ዘሩ ሳይረግፍ ብቻ አትንቀይው፤ ለከርሞ ራሱ ይመጣል።

አንቺ የጎደለሽ ከአደይ ጎን የሚቆም ቋሚ አበባ ነው። በእኛ አገር መደቡን ባዶ የሚያስቀረው ብርዱ ሳይሆን ጥማቱ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ ከክረምቱ አይጀመርም፤ ከበጋው ነው። በክረምት ምን ያብባል ብለሽ አትጨነቂ። ጥር ላይ ምን ይታየኛል ብለሽ ጀምሪ።

አንድ ወረቀት አውጪ። አሥራ ሦስቱን ወር ከላይ እስከ ታች ጻፊ። በየወሩ አንጻር ግቢሽ ውስጥ ያበበውን ብቻ አስፍሪ፤ ያሰብሽውን ሳይሆን ያየሽውን። ባዶ የቀረው ወር የት እንደሚበዛ ታያለሽ። ለመስከረምና ለጥቅምት ራስ ክምር የሚባለው የአገራችን ቁጥቋጦ አለ። ብርቱካናማ አበባው በግንዱ ላይ ፎቅ በፎቅ ይደረደራል። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ፖይንሴቲያና ክሪሳንተመም አሉ። ለደረቁ ወራት ሬት። የቀረውን ክፍተት ጄራንየምና ጽጌረዳ ይሞላሉ፤ ሁለቱ ውኃና ፀሐይ ካገኙ እረፍት አያውቁም።

ጥያቄ፦ ከአጥሩ ሥር ያለው መሬት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ረጅም ከኋላ፣ አጭር ከፊት የሚባለው ይሠራል?

በ60 ሳንቲ ሜትር ሦስት ረድፍ አይገባም። ሁለት ረድፍ አድርገው። ከኋላ ራስ ክምር ወይም ጽጌረዳ፣ ከፊት ጄራንየም ወይም ጋዛኒያ። ዓይነቱን ቀንስና ብዛቱን ጨምር። አንዱን ዓይነት ሦስት ወይም አምስት አድርገህ ባንድ ላይ ትከል። አንድ አንድ እየለቀምክ ከተከልክ መደቡ የችግኝ መሸጫ ይመስላል። የእኔ የመጀመሪያ መደብ እንዲያ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ትሸጣለህ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ከቤታችን በስተሰሜን ያለው መደብ በበጋ አያብብም፤ በስተደቡብ ያለው ግን ያምራል። አፈሩ አንድ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ነገሩ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የቀረውን ጊዜ ወደ ደቡብ ነው የምታዘነብለው። ስለዚህ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው መደብ በበጋ የቤቱ ጥላ ያርፍበታል። ፀሐይ ወደ እሱ ስትዞር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የክረምቱ ደመና ይመጣል። ምስኪን መደብ ነው።

እዚያ ጽጌረዳ አትታገሉበት። ጥላ የሚወዱትን ስጡት፦ ሃይድራንጂያ፣ ክሊቪያ፣ ካላ ሊሊ። ፀሐይ የሚፈልገውን ሁሉ ወደ ደቡቡ ውሰዱት። ብዙ ሰው ችግኝ ገዝቶ ከመጣ በኋላ ነው ቦታ የሚፈልገው። ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት አንዴ በታኅሣሥ፣ አንዴ በሰኔ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ።

ጥያቄ፦ ካላ ሊሊ የኢትዮጵያ አበባ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ኤትዮፒካ» የሚል ስላለ ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። በድሮ ዘመን አውሮፓውያን ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር ስሙ ቀረበት። ጄራንየምና አጋፓንተስም ከዚያው ከደቡብ ናቸው። ዳሊያና ፖይንሴቲያ ደግሞ የሜክሲኮ ናቸው። ዳሊያ በትውልድ አገሩም የደጋ ተክል ነው፤ አዲስ አበባ የሚስማማው ለዚህ ነው።

የእኛን ከፈለጋችሁ ቀጋ አለ፤ ነጭ አበባ ያለው የዱር ጽጌረዳ። ራስ ክምር አለ። አሸንዳ የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚቆም ችቦ መሳይ አበባም በደጋው ሜዳ ሞልቷል። ግን ከሜዳ ነቅላችሁ አታምጡ፤ ዘሩን ውሰዱ። ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ የአገር ተክሎችን በቁመታቸው ብታዩ ከእኔ ወሬ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ሃይድራንጂያ ሰማያዊ ነው። ከእሷ ቆርጬ ተከልኩ፤ የእኔ ሮዝ ሆነ። የቡና አተላ ብጨምርበት ይመለሳል?

አዲስ ግንብ አጥር ሥር ነው የተከልሽው? ገምቼ ነው። ሃይድራንጂያ አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ ይሆናል፤ ምክንያቱም በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም ወደ ሥሩ የሚገባለት እዚያ ነው። ሲሚንቶና ኖራ ደግሞ አሲዱን ያጠፋሉ። ግንበኛ የደፋው ትርፍ ሲሚንቶ ሥሩ ስር ካለ ቀለሙን ይለውጠዋል።

የቡና አተላ አፈሩን ያዳብራል እንጂ ሰማያዊ አያደርግልሽም። ወፍራም አድርገሽ ከደፋሽው ደርቆ ውኃ እንዳይሰርግ ይከለክላል። ከግንቡ አርቀሽ ቀይ አፈር ላይ ትከይው። ካልሆነም ሮዙን ውደጂው፤ ምን ክፋት አለው?

ጥያቄ፦ አፈራችን ዋልካ ነው። ላቬንደር ሦስት ጊዜ ተከልኩ፣ ሦስቴም ነሐሴ ላይ ሞተ።

እርስዎ ሦስት፣ እኔ አምስት። ዋልካ በክረምት ውኃ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ላቬንደርን የሚገድለው ዝናቡ ሳይሆን ሥሩ ውኃ ውስጥ መቆሙ ነው። መደቡን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ቀይ አሽና የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ያዋህዱ። አሸዋ ብቻ ጥቂት ጣል ማድረግ ዋልካን አያላላውም፤ እንዲያውም ሊያጠነክረው ይችላል። ፍጉም ትኩስ አይሁን፤ ሥር ያቃጥላል።

ውኃ የሚተኛበት ጥግ ካለዎት አይሙሉት። ካናና ካላ ሊሊ ይትከሉበት። ለእነሱ ድግስ ነው።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በበጋ እንዴት ላድርግ?

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ይቅር። ሥሩ ወደ ላይ ይመጣና አንድ ቀን ስትዘነጋ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ አጠጣ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ጎዝጉዝበት። ከባሕር ዛፍ ቅጠል በስተቀር፤ እሱ የትናንሹን ችግኝ እድገት ይገታል። ለማጠጣት የልብስ እጣቢም ይሆናል፤ በረኪና ካልገባበትና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካልደፋኸው።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳዬ በአንድ ጊዜ ያብብና ከዚያ ሁለት ወር ቅጠል ብቻ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ስለምትገርዙ ነው። ጽጌረዳ ከተገረዘ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ያብባል። ግማሾቹን ዛሬ ግረዙ፣ ግማሾቹን ከሦስት ሳምንት በኋላ። እየተፈራረቁ ያብባሉ። የጠወለገውንም አበባ ዘር ሳይቋጥር ቁረጡ።

ጥያቄ፦ ፖይንሴቲያችን በግማሽ ጎኑ ቀልቶ በግማሽ ጎኑ አረንጓዴ ቀረ። በሽታ ነው?

የመንገድ መብራት አጠገባችሁ አለ፤ በዚያ በኩል ነው አረንጓዴ የቀረው አይደል? ፖይንሴቲያ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝምና ጨለማው ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። መብራት ያረፈበት ጎን ሌሊቱ የረዘመ አይመስለውም። ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ጨለማ ጥግ ትከሉ። ነጭ ፈሳሹ ግን ዓይን እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ውርጭ ጄራንየሜን በአንድ ሌሊት አጠቆረብኝ።

ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ምሽት ሲመጣ ከሰዓት በኋላ አፈሩን አጠጪው፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ማታ በጆንያ ሸፍኚ፣ ጠዋት አንሺ። ጄራንየሙን ወደ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግንብ ሥር አዛውሪው። ሜዳው ላይ ቀጋ፣ አሸንዳና የጥብስ ቅጠል ይሻሉሻል። የጠቆረውንም ቶሎ አትቁረጪው፤ ብርዱ እስኪያልፍ ከሥሩ ያለውን ይከልልለታል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ዳሊያ እንደ አዲስ አበባ መሬት ውስጥ ልተወው?

መሬቱ ሲበርድ ሊበሰብስብህ ይችላል። የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ካጠቆረው በኋላ ድንች መሳይ ሥሩን አውጥተህ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ የማይደርስበት ቦታ አኑር። ለክረምታችሁ ቀለም ሄሌቦር ትከል፤ በየካቲትና በመጋቢት ያብባል።

ጥያቄ፦ የወፍ ቆሎ የሚሉት ባለ ብዙ ቀለሙ አበባ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ለምን እሱን አትመክሩም?

ላንታና ካማራ ከሆነ አልመክርም። ወፍ ፍሬውን በልታ በየቦታው ትዘራዋለች። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬት እየወረረ ያለ መጤ አረም ነው፤ ከብትም ይመርዛል።

ጥያቄ፦ ጄራንየም ከቅርንጫፍ ስተክል ይበሰብስብኛል።

በሐምሌ እየተከልሽ ነው መሰለኝ። ጥቅምት ጠብቂ። እጅ የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሺ፣ የተቆረጠው አፉ አንድ ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ እርጥበት ያለው አሸዋ ውስጥ አቁሚው። በወር ገደማ ሥር ይሰዳል። እስከዚያ እየነቀልሽ አትዪው። እኔም አያለሁ እንጂ።